የሸክላ ማጫወቻ ክንድ፦ የቱን ይዛችሁ የቱን ትለቃላችሁ?

የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ካርትሪጁን፣ ማለትም መርፌውን የያዘውን ትንሽ ዕቃ፣ ተሸክሞ ከሸክላው ዳር ወደ መሃል መጓዝ ነው። ችግሩ እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት ነገሮችን በአንዴ መጠየቃችን ነው። መርፌው ቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ካርትሪጁ ንቅንቅ እንዳይል እንፈልጋለን። አብሮት ከተንቀሳቀሰ ሙዚቃው በዚያው ልክ ይጎድላል። በሌላ በኩል ሸክላው ተንሻፎ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ወይም ቀዳዳው ትክክለኛ መሃል ላይ ሳይበሳ ቀርቶ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፣ ክንዱ እሺ ብሎ መከተል አለበት። ለሙዚቃው ግትር፣ ለሸክላው ገር መሆን አለበት ማለት ነው።

እኔ ክንድ እሠራለሁ፣ የቆዩትንም እጠግናለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛው ክንድ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ "ካርትሪጅህ ምንድነው?" እላለሁ። ይሄ ጥያቄ ከመመለሱ በፊት ስለ ክንድ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ እዚህም ከመርፌው እንነሳና ወደ ኋላ እንሄዳለን። ክንድ የምትገዙም ሆናችሁ ቶርኖ ላይ የምትሠሩ፣ መንገዱ አንድ ነው።

ከካርትሪጁ ጀምሩ

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንዱ የካርትሪጁ ክብደት በግራም ነው። ሌላው ኮምፕላያንሱ ነው፣ ማለትም መርፌውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ የተቀመጠችበት ጎማ ምን ያህል እንደሚለሰልስ። ያ ጎማ ስፕሪንግ ነው። ክንዱና ካርትሪጁ ደግሞ ስፕሪንጉ ላይ የተቀመጡ ክብደት ናቸው። ክብደትና ስፕሪንግ ከተገናኙ የራሳቸው የመወዛወዣ ፍጥነት ይኖራቸዋል። ሬዞናንስ የምንለው ይሄንን ነው። ሁሉም ነገር ይህ ቁጥር የት እንደሚወድቅ ላይ ያርፋል።

ስሌቱ አያስቸግርም። የክንዱን ኢፌክቲቭ ማስ (መርፌው የሚሰማው የክንዱ ክብደት ነው፣ ከታች እንመጣበታለን)፣ የካርትሪጁን ክብደትና የብሎኖቹን ክብደት ደምሩ። ድምሩን በኮምፕላያንሱ አባዙት። የውጤቱን ስኩዌር ሩት አውጡ። ከዚያ 159ን በዚያ ቁጥር አካፍሉ። የምታገኙት በሄርዝ ነው።

ምሳሌ እንይ። ክንዱ 11 ግራም፣ ካርትሪጁ 6፣ ብሎኖቹ 1፤ ድምሩ 18 ነው። ኮምፕላያንሱ 12 ይሁን። 18 በ12 ሲባዛ 216፣ ስኩዌር ሩቱ 14.7 ገደማ። 159 ለ14.7 ሲካፈል 10.8 ሄርዝ ይሰጣል። ይሄ በጣም ጥሩ ነው። የምንፈልገው ከ8 እስከ 12 ባለው ውስጥ እንዲወድቅ ነው።

ለምን እዚያ? በደቂቃ 33⅓ የሚዞር ሸክላ በሰከንድ 0.56 ጊዜ ይዞራል። የቀዳዳው ከመሃል መውጣት ክንዱን የሚገፋው በዚህ ፍጥነት ነው። የተንሻፈፈ ሸክላ የሚፈጥረው ንቅናቄም በአብዛኛው ከ8 ሄርዝ በታች ነው። ሙዚቃው ከ20 ሄርዝ ገደማ ይጀምራል። በሁለቱ መሃል ጠባብ ሰላማዊ ቦታ አለ። ሬዞናንሱን እዚያ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት ለስላሳ ካርትሪጅ ላይ ሞክሩት። ኮምፕላያንሱ 30፣ ክብደቱ 6 ግራም፣ ክንዱ ከበድ ያለ፣ 18 ግራም። ውጤቱ 5.8 ሄርዝ ይሆናል። ሸክላው ትንሽ በተንሻፈፈ ቁጥር ክንዱ ይደንሳል፣ የስፒከሩ ወረቀት ያለ ሙዚቃ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። ያንኑ ካርትሪጅ 6 ግራም ክንድ ላይ ስትሰቅሉት ወደ 8 ሄርዝ ይመጣል። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለስላሳ ካርትሪጅ ፋሽን ሲሆን ክንዶች እየቀለሉ የሄዱት ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ዴኖን ዲኤል 103 የተባለውን ግትር ካርትሪጅ ውሰዱ። ክብደቱ 8.5 ግራም ነው። ኮምፕላያንሱ 5 ተብሎ ተጽፏል። ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ ብዙ የጃፓን ካርትሪጆች ኮምፕላያንሳቸው የሚለካው በ100 ሄርዝ ነው። ለእኛ የሚያስፈልገው በ10 ሄርዝ ያለው ነው። በግምት በ1.5 ወይም በ2 አባዙት። 7.5 ብላችሁ ብትይዙ፣ 6 ግራም ክንድ ላይ ወደ 15 ሄርዝ ይወጣል። ባሱ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። 20 ግራም ክንድ ላይ ግን 10.7 ይሆናል። ያው ካርትሪጅ በአንዱ ክንድ ላይ ሲሳሳ፣ በሌላው ላይ ቆንጆ ሆኖ ይሰማል። ካርትሪጁ "መጥፎ ነው" ተብሎ የተጣለ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የጋብቻው ነበር።

ክብደቱ ስንት ነው ሳይሆን የት ነው

ኢፌክቲቭ ማስ የሚባለው ክንዱን ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ የምታነቡት አይደለም። መርፌው ክንዱን ለመግፋት ሲሞክር የሚሰማው ክብደት ነው። ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝን ክንድ ለመርፌው 11 ግራም ብቻ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከፒቮቱ፣ ማለትም ክንዱ ከሚዞርበት ነጥብ፣ ያለው ርቀት በካሬ ይቆጠራል። መርፌው ጋ ያለ አንድ ግራም ሙሉ አንድ ግራም ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ያለ አንድ ግራም ሩብ ግራም ብቻ ነው። ፒቮቱ ሥር ያለ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። ሄድሼሉ፣ ማለትም ካርትሪጁ የሚታሰርበት የክንዱ ጫፍ፣ ላይ ያለች እያንዳንዷ ግራም ውድ ናት። የብረት ብሎኖችን በአሉሚኒየም ብትቀይሩ ክብደታቸው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ክንዳችሁ ለካርትሪጁ ትንሽ ከበደ ካላችሁ መጀመሪያ የምትነኩት እሱን ነው። ቀለለ ካላችሁ ደግሞ የናስ ብሎን ወይም በሄድሼሉና በካርትሪጁ መሃል የምትገባ ስስ የብረት ሳህን ጨምሩ። አዲስ ክንድ ከመግዛት በፊት ይሄ ይሞከር።

ከፒቮቱ ጀርባ ሆኖ ጫፉን የሚያመጣጥነው ክብደት፣ የኋላው ሚዛን፣ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ቀላል ክንድ እፈልጋለሁ" ብሎ የኋላውን ሚዛን ያቀላል። ያን ጊዜ ሚዛኑ የግድ ወደ ኋላ ይርቃል። እስቲ በቁጥር እንየው። 230 ሚሊ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ 20 ግራም ማመጣጠን ፈለግን እንበል። 60 ግራም ሚዛን ከሆነ 77 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መቀመጥ አለበት። ለመርፌው የሚጨምርበት ክብደት 6.7 ግራም ነው። 120 ግራም ከሆነ ግን 38 ሚሊ ሜትር ላይ ይበቃዋል፤ የሚጨምረውም 3.3 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑ እጥፍ ከበደ፣ ጭነቱ በግማሽ ቀነሰ። ከባድና ቅርብ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም እንዲያ አያደርግም? ዋጋ አለው። ከባዱን ሚዛን አንድ ሚሊ ሜትር ስትገፉት መርፌው ላይ የሚያርፈው ክብደት በግማሽ ግራም ገደማ ይቀየራል። ካርትሪጁ የሚፈልገው በጠቅላላ 2 ግራም ሲሆን ይሄ ብዙ ነው። የ60 ግራሙ ግን ሩብ ግራም ብቻ ይቀይራል። ስለዚህ ከባድ ሚዛን ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ክር ይፈልጋል። ወይም ዋናውን አስራችሁ ሌላ ትንሽ ሚዛን ለማስተካከያ ትጨምራላችሁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ክንዱ የሚዞርበት ኩሽኔታም ተጨማሪውን ጭነት መሸከም እንዳለበት አትርሱ።

ቱቦው

ቱቦው ላይ ሰዎች ስለ ዕቃው ዓይነት ብዙ ይከራከራሉ፤ ስለ ስፋቱ ግን ብዙም አይነሳም። እኔ ክርክሩን ገልብጬ ነው የማየው። ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ ውፍረቱን ሳትቀይሩ ዲያሜትሩን እጥፍ ብታደርጉት፣ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከማንኛውም ውድ ብረት የበለጠ ትርፍ እዚህ አለ።

ስለ ብረቶቹ ደግሞ ይሄንን ልብ በሉ። አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ቲታኒየምና ማግኒዚየም የግትርነታቸውና የክብደታቸው ጥመርታ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ቅርጹ አንድ ዓይነት የሆነ ቱቦ ከአራቱ ብትሠሩ፣ ቱቦው የሚጮህበት ድምፅ ቦታ ብዙም አይለያይም። የሚለያየው ክብደቱና ድምፁን ምን ያህል ቶሎ እንደሚውጥ ነው። የማግኒዚየም ጥቅሙ ቀላል ስለሆነ ግድግዳውን ለማወፈር ወይም ቱቦውን ለማስፋት ቦታ መስጠቱ ነው። ከዚህ ሕግ በእውነት የሚወጣው ካርቦን ፋይበር ነው፤ እሱም ክሮቹ በተዘረጉበት አቅጣጫ ብቻ። ክሮቹ ሁሉ በቁመት ከሆኑ ቱቦው አይታጠፍም፣ ግን ይጠመዘዛል። ስትገዙ የክሩን አቅጣጫ ጠይቁ። እንጨት ደግሞ ድምፁን በደንብ ይውጣል፤ እርጥበትና ደረቅ አየር ግን ያንቀሳቅሱታል፣ ስለዚህ ያስተካከላችሁትን ደጋግሞ መፈተሽ ይፈልጋል።

ግድግዳው ከመጠን በላይ ከሳሳ ቱቦው እንደ ደወል ይጮኻል። በጨርቅ ወይም በፎም መሙላት ይረዳል፤ ግን መሃሉን ብቻ ሙሉ፣ ወደ ሄድሼሉ አትቅረቡ። ምክንያቱን ከላይ ብለነዋል። ሌላው መንገድ ቱቦውን ወደ ጫፉ እያጠበቡ መሄድ ነው። ፒቮቱ ጋ ሰፊ፣ ሄድሼሉ ጋ ጠባብ። ግትርነቱ የሚፈለገው ወፍራሙ ጋ ነው፤ ቀላልነቱ የሚፈለገው ጫፉ ጋ ነው። ሬጋ የተባለው ኩባንያ በ1983 ባወጣው አርቢ 300 ክንድ ላይ ቱቦውንና ሄድሼሉን በአንድ ላይ ከአሉሚኒየም ቀልጦ የፈሰሰ አንድ ወጥ አካል አደረገው። መጋጠሚያ የሚባል ነገር ጠፋ። ሌላው ክንድ ሠሪ ኤስኤምኢ በኋላ በፋይቭ ክንዱ ይህንኑ በማግኒዚየም ሠርቷል። ሁለቱም የለቀቁት ነገር አለ፤ ሄድሼሉ አይፈታም።

ቱቦውን ራሳችሁ መስማት ትችላላችሁ። ሞተሩን አጥፉ። መርፌውን በቆመ፣ በማያሳዝናችሁ ሸክላ ላይ አሳርፉ። ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። ከዚያ በእርሳስ ጎማ ቱቦውን በጣም በስሱ ነካ ነካ አድርጉት። መጀመሪያ ፒቮቱ ጋ፣ ቀጥሎ መሃሉ ላይ፣ መጨረሻ ወደ ሄድሼሉ። በስፒከሩ ጥርቅ ያለ፣ ወዲያው የሚጠፋ "ጥ" ከሰማችሁ ጥሩ ነው። "ጥንን" ብሎ የሚንጠለጠል ከሆነ ያ ድምፅ ከእያንዳንዱ ሙዚቃ ጋር አብሮ እየተጫወተ ነው። የሚጮኸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ እዚያ የላላ መጋጠሚያ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሄድሼሉ ማጥበቂያ ቀለበት ነው።

ርዝመትና ማዕዘን

ሸክላ ሲቀረጽ ቀራጩ መርፌ በቀጥታ መስመር ወደ መሃል ይሄዳል። የእኛ ክንድ ግን አንድ ቦታ ተተክሎ ቅስት ነው የሚሠራው። ስለዚህ መርፌው ሁልጊዜ ከቦዩ ጋር ትክክለኛ ማዕዘን ሊይዝ አይችልም። መላው ሄድሼሉን በማዕዘን ማዞርና መርፌው ሸክላው የሚቀመጥበትን የሚዞር ሳህን መሃል ትንሽ አልፎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን ስህተቱ በሁለት ነጥብ ላይ ዜሮ ይሆናል። የት እንደሚሆኑ የእናንተ ምርጫ ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ሎፍግሬን በ1938 ስሌቱን ሠራው፤ ቤርዋልድ በ1941 ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሰ። በዚህ ስሌት ዜሮዎቹ ከመሃል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። ስቲቨንሰን በ1966 ያቀረበው ደግሞ አንዱን ዜሮ ወደ 60.3 ያመጣዋል፤ የሸክላው የመጨረሻ ዘፈን ይጠራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ግን ስህተቱ ይጨምራል። መጨረሻው ላይ በኦርኬስትራ ጩኸት የሚዘጋ ክላሲካል የምታዳምጡ ከሆነ ስቲቨንሰን ትርጉም አለው። ለቀረው የመጀመሪያው ይሻለኛል።

ረጅም ክንድስ? 230 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ዘጠኝ ኢንች የሚባለውን፣ ከ305 ሚሊ ሜትሩ፣ ከአሥራ ሁለት ኢንቹ ጋር እናስተያይ። በሎፍግሬን ስሌት አጭሩ 18 ሚሊ ሜትር ያልፋል፣ ሄድሼሉም 24 ዲግሪ ይዞራል። ረጅሙ 13.4 ሚሊ ሜትርና 17.8 ዲግሪ ነው። የሸክላው ውጪኛ ዳር ላይ የአጭሩ ስህተት 1.9 ዲግሪ፣ የረጅሙ 1.4 ነው። ያገኛችሁት ግማሽ ዲግሪ ነው።

የከፈላችሁት ግን ይሄ ነው፦ በዚያው ቱቦ ከሠራችሁት ቱቦው ለመርፌው የሚሰማው ክብደት በሲሶ ያህል ይጨምራል። ቱቦው ታጥፎ የሚጮህበት ፍጥነት ደግሞ በርዝመቱ ካሬ ስለሚወርድ ከነበረበት ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። ይሄ ትንሽ አይደለም። እኔ ረጅም ክንድ የምሠራው ከባድና ግትር ካርትሪጅ ላለው ሰው ነው። እሱ ክብደቱን ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ዕዳው ወደ ጥቅም ይቀየርለታል። ለሌላው ሁሉ ዘጠኝ ኢንች ይበቃል፤ በትክክል ከተገጠመ።

ሄድሼሉን በማዕዘን ማዞራችን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሸክላው መርፌውን ሲጎትት፣ ከፊሉ ጉልበት ክንዱን ወደ መሃል ይስበዋል። መጠኑ መርፌው ላይ ካረፈው ክብደት ከአሥር አንድ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። የሙዚቃው ጩኸት ሲጨምር ይጨምራል፣ በመርፌው ቅርጽም ይለያያል። ስለዚህ ክር የታሰረ ትንሽ ክብደትም ይሁን ስፕሪንግ ወይም ማግኔት፣ ይህን ጉልበት የሚቃወም፣ ሁሉም ቦታ ላይ ልክ የሚሆን የጎን ማስተካከያ የለም። ቦይ በሌለው ለስላሳ ሸክላ ላይ ክንዱ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ማስተካከል የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። እዚያ ላይ ያለው ሰበቃ ቦይ ውስጥ ካለው ይለያል። ይልቅ የጮኸ ክፍል አጫውቱ። መጀመሪያ የቀኙ ድምፅ ከተሰነጠቀ ጨምሩ፤ የግራው ከተሰነጠቀ ቀንሱ።

ኩሽኔታ፦ መላላት ወይስ መያዝ

ኩሽኔታ ላይ ሁለት ጠላት አለ፤ ሰበቃና ክፍተት። አንዱን ስታጠፉ ሌላው ይመጣል። ስታጠብቁት ይይዛል፣ ስታላሉት ይንቀጫቀጫል። ሁለቱም ዜሮ የሆኑበት ነጥብ የለም።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ትንሽ ሰበቃ። ምክንያቱን ላሳያችሁ። ጥሩ ክንዶች ሰበቃቸው ከ20 ሚሊ ግራም በታች ነው። መርፌው ላይ 2 ግራም አርፎ እያለ ይሄ አንድ መቶኛ ነው። ክፍተቱ ግን አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን አሥር ማይክሮን ነው። ቦዩ ውስጥ ያለ ረቂቅ ከፍተኛ ድምፅ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ንቅናቄ ነው። ክንዱ በአሥር ማይክሮን እየተንገዋለለ ከአንድ ማይክሮን በታች ያለውን በታማኝነት ሊያወጣ አይችልም።

ክፍተቱን የሚያገኘው ጣታችሁ ነው። መጀመሪያ የመርፌውን መከለያ ግጠሙ። በአንድ እጅ የክንዱን መሠረት ያዙ። በሌላው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሄድሼሉን ከጎንና ከጎኑ ላባ እንደምትይዙ ያዙት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጣም በትንሹ ግፉ፣ ሳቡ። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ይሻላል። ክፍተት ካለ በጣታችሁ ጫፍ ላይ ቀጭን "ቲክ" ይሰማችኋል፤ ጆሮ ከመስማቱ በፊት ጣት ያውቀዋል። ቀጥሎ ጠምዘዝ አድርጉት። ከዚያ መከለያውን አውልቁ፤ ካሁን በኋላ ለመርፌው ተጠንቀቁ። የጎን ማስተካከያውን ዜሮ አድርጋችሁ ክንዱን አመጣጥኑትና በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ ተዉት። ወደ ሄድሼሉ በስሱ እፍ በሉ። ቀስ ብሎ ሄዶ፣ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ቀጥ ካለ ኩሽኔታው ቆሽሿል ወይም ጥርስ አውጥቷል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ከተመለሰ ግን ኩሽኔታውን አትንኩ፤ ሽቦው ነው።

ከኳስ ኩሽኔታ ሌላ አማራጮች አሉ። ዩኒፒቮት የሚባለው አንድ ሹል ጫፍ በአንዲት ጎድጓዳ ላይ ያስቀምጣል። የገዛ ክብደቱ ስለሚጫነው ክፍተት የለውም፤ ሰበቃውም ኢምንት ነው። የለቀቀው ግን ክንዱ ወደ ጎን እንዳይጋደል የሚይዘው ነገር አለመኖሩ ነው። ለዚህ ክብደቱን ከጫፉ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል፣ አንዳንዴም ጥቂት ሲሊኮን ዘይት ያስፈልጋል። የኤስኤምኢ የቆዩ ክንዶች ደግሞ እንደ ሚዛን ቤት በቢላ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ። ከፍ ዝቅ ለሚለው በጣም ገር ነው። ግን ጠርዙ በክብደት ብቻ ነው ቦታው ላይ የሚቆየው። ሽሮደር የተባለው ክንድ ሠሪ ክንዱን በክርና በማግኔት ያንጠለጥላል። ሁሉም ጥሩ ሲሠሩ ጥሩ ናቸው። ክንዱን ብዙ ለሚያነሳና ለሚያስቀምጥ ሰው፣ ወይም ልጆች ላሉበት ቤት፣ ዩኒፒቮት አልሰጥም።

ክንድ ለምትሠሩ ሁለት ነገር። የከፍ ዝቁ ፒቮት በሸክላው ገጽ ከፍታ ላይ ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሸክላው ሲያብጥ መርፌው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይሄድና ድምፁ ይወላውላል። ሁለተኛ፣ የከፍ ዝቁ አክሲስ ከቱቦው ሳይሆን ከካርትሪጁ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይያዝ። አለበለዚያ ክንዱ በተነሳ ቁጥር ካርትሪጁ ወደ ጎን ያዘነብላል።

ሽቦው

አጭር ነው፤ ግን ችላ የሚባለው ይሄ ነው። ከክንዱ ወደ መሠረቱ የሚወርዱት አራት ሽቦዎች ስፕሪንግ ናቸው። የፈለገ ድንቅ ኩሽኔታ ብትሠሩ፣ ወፍራም ሽቦ ያበላሽባችኋል። በጣም ቀጭን፣ ሽፋኑ ለስላሳ የሆነ ምረጡ። ፒቮቱ ጋ በላላ ቀለበት አሳልፉትና ምንም ነገር እንዳይነካ አድርጉ። ክንዱን ከዳር እስከ መሃል አንቀሳቅሱና ቀለበቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እዩት። ቀጭን ሽቦ ቶሎ ይበጠሳል፤ ዋጋው ይሄ ነው፣ እኔ እከፍለዋለሁ።

የሚፈታ ሄድሼልና የሚስተካከል ከፍታ

ካርትሪጅ ቶሎ ቶሎ የምትቀያይሩ ከሆነ የሚፈታ ሄድሼል ያስፈልጋችኋል፣ ክርክር የለውም። የምትከፍሉት ጫፉ ላይ፣ ውዱ ቦታ ላይ፣ ተጨማሪ ግራሞችና አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ ነው። አንድ ካርትሪጅ ገጥማችሁ ለዓመታት የምታዳምጡ ከሆነ ይሄ ያለ ምክንያት የሚከፈል ነው።

ከፍታ ላይ ሰዎች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። 230 ሚሊ ሜትር ክንድ ላይ የመርፌውን ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ለመቀየር ፒቮቱን 4 ሚሊ ሜትር ማንሳት ያስፈልጋል። በወፍራምና በስስ ሸክላ መሃል ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢኖር የአንድ ዲግሪ አንድ ስምንተኛ ነው። ለእያንዳንዱ ሸክላ እያነሱ እያወረዱ መኖር አያስፈልግም። ከፍታው የሚስተካከል ይሁን፣ ግን ከተስተካከለ በኋላ እንደ ዓለት የሚጠብቅ ይሁን። ሲታሰር ትንሽ የሚንቀሳቀስ ማስተካከያ ካለው ክንድ፣ ምንም ማስተካከያ የሌለው ክንድ ከሥሩ በሳህን ከፍ ተደርጎ ይሻለኛል።

በቀጥታ የሚጓዙት

ቅስቱን ጭራሽ ማስወገድ ይቻላል። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን በ1972 ባወጣው ቤዮግራም 4000 ላይ ክንዱ ልክ እንደ ቀራጩ በቀጥታ ይጓዛል። ቴክኒክስም በኤስኤል 10 ያንኑ አድርጓል። የማዕዘን ስህተትም፣ ወደ መሃል የሚስበው ጉልበትም ይጠፋል ማለት ይቻላል። ግን ክንዱን የሚገፋ ሞተርና የሚቆጣጠር ሰርኪዩት መጣ። ሞተር የሌላቸው፣ በአየር ትራስ ላይ የሚንሸራተቱት ደግሞ ወደ ጎን ሙሉ ክብደታቸውን መርፌው ነው የሚጎትተው። ከፍ ዝቅ ሲሉ ቀላል፣ ወደ ጎን ሲሄዱ ከባድ። ስለዚህ ስሌቱን ለሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ ሥሩ። በእነዚህ ክንዶች ላይ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ሸክላ መጫወት ለመርፌው ዘንግ ፈተና ነው። ማሽኑም ውሃ ልኩን ካልጠበቀ ክንዱ በራሱ ይንሸራተታል።

ስትገጥሙት

ሁሉ ከተመረጠ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይለያል። መጀመሪያ ማጫወቻውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ቀጥሎ የመርፌውን ክብደት፣ ከዚያ ማዕዘኑን፣ ከዚያ ከፍታውን። ከፍታ ስትቀይሩ ክብደቱ ትንሽ ይቀየራል፤ ስለዚህ ተመለሱና እንደገና መዝኑ። የጎን ማስተካከያው መጨረሻ ነው። ክብደቱን ፋብሪካው ከሰጠው ክልል ወደ ላይኛው አስጠጉት። የቀለለ መርፌ ቦዩን ስለሚለቅና ስለሚፈነጥር፣ ሸክላ የሚጎዳው ከከበደው ይልቅ እሱ ነው።

በመጨረሻ ስሌታችሁን በተግባር ፈትኑ። የሙከራ ሸክላ ካላችሁ ከ5 እስከ 15 ሄርዝ ያለውን ክፍል አጫውቱና ካርትሪጁን ከፊት ለፊት እዩት። ሬዞናንሱ ጋ ሲደርስ በግልጽ ይንቀጠቀጣል። ከሌላችሁ በጣም የተንሻፈፈ ሸክላ ይበቃል። ካርትሪጁ ከሸክላው ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። የመርፌው ዘንግ ግን እየተለጠጠችና እየተጨማደደች፣ ካርትሪጁ ወደ ሸክላው እየቀረበና እየራቀ ከሆነ ሬዞናንሱ ዝቅ ብሏል። ከብሎኖቹ ጀምራችሁ ጫፉን አቅልሉ። ካልበቃ ሚዛኑን በከባድ ቀይራችሁ ወደ ፒቮቱ አስጠጉት። ያም ካልበቃና ክንዳችሁ የዘይት መያዣ ካለው፣ ጥቂት ሲሊኮን ዘይት ጨምሩበት። ዘይቱ ሲበዛ ክንዱን ስለሚይዘው፣ ንቅናቄው እስኪረጋ ድረስ በጠብታ ጠብታ ጨምሩና እዚያ ላይ አቁሙ።